ሊጡን አታቅጥነው

ሽቱትጋርት፣ እሑድ ማታ

ልጄ፣

እህትህ ከትናንት ወዲያ ደውላ ስትነግረኝ እጄ ላይ የነበረው ሳህን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ክፍል ውስጥ ራስህን ስተህ ወደቅህ አሉ። ለእኔ "በልቻለሁ እማዬ፣ ደህና ነኝ"፤ ለእሷ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የፓኬት ኑድል በፍል ውሃ እየዘፈዘፍክ እንደከረምክ። ለምን እንደዋሸኸኝ አላጣሁትም፤ እንዳልመጣብህ ነው። እመጣለሁ! ግን በቅድሚያ ሐኪም ቤት ሄደህ ደምህን ተመርመር። አባትህም "ትንሽ ድካም ነው" ሲል ከርሞ ነው ዛሬ በመርፌ የሚኖረው።

አማርኛዬ ከከበደህ ጮክ ብለህ አንብበው፣ ይገባሃል። የቅዳሜ ትምህርት ቤቱን በዚያ ብርድ የተመላለስኩት በከንቱ አይደለም።

ሽፔትስለ፣ ያን ጀርመኖቹ ከእንቁላል ሊጥ ቀቅለው የሚሠሩትን ምግብ፣ ስሠራ እግሬ ሥር ስላደግህ የምትችል ይመስልሃል። እስቲ እናያለን። 400 ግራም ዱቄት፣ ከረጢቱ ላይ 405 የሚለውን። አራት እንቁላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ካገኘህ ትንሽ ገውዝ ፈቅፍቀህ። ውሃ ለመጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ። ሊጡን አታቅጥነው። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ ምታው፤ ክንድህ እስኪዝል፣ ሊጡ አረፋ እያወጣ ጷ ጷ እስኪል። ማማሰያውን ስታነሣው ከብዶ፣ ተስቦ፣ ቁርጥ ብሎ መውደቅ አለበት። እንደ ማር ከተንዠረገገ አበላሽተኸዋል፤ ዱቄት ጨምርበት። ሩብ ሰዓት ይረፍ።

የኛ ሰው እጅ ውሃ ይወዳል። እኔ የመጀመሪያ ቀን እንደ እንጀራ ሊጥ አቅጥኜው፣ ድስት ውስጥ እንደገባ አጥሚት ሆነ። ኦማ፣ አሮጊቷ ጎረቤታችን፣ በሩ ላይ ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወርደው መክተፊያቸውን ይዘው መጡ።

ኦማን ታስታውሳቸዋለህ? ከእኛ በታች ባለው ቤት የነበሩትን። ያን ጊዜ ጀርመንኛዬ "አዎ" እና "አመሰግናለሁ" ብቻ ነበር። የደረጃ ጽዳት ተራ ሰሌዳ በራችን ላይ ሲንጠለጠል ጌጥ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሳልጠርግ ቀረሁ፤ የፎቁ ሰው ሁሉ ፊቱን አጠቆረብኝ። መጥረጊያ ይዘው ወጥተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ እስከ ታች ድረስ ጠርገው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሽፔትስለ ትንንሽ ድንቢጦች ማለት ነው ያሉኝም እሳቸው፤ እንዲገባኝ እጃቸውን እንደ ክንፍ እያርገበገቡ።

መክተፊያውን በፈላው ውሃ አርጥብ። ሁለት ማንኪያ ሊጥ ጫፉ ላይ ደልድለህ በቢላ ጀርባ ቀጫጭን አድርገህ ወደ ድስቱ ግፋው። ቢላውን በየመሐሉ ውሃው ውስጥ ንከረው፣ አለዚያ ይጣበቅብሃል። ሲንሳፈፍ በስሏል፤ በቀዳዳ ጭልፋ አውጣው። አንዱ ወፍሮ አንዱ ቢቀጥን አትጨነቅ። ሊጡ ራሱ ግን አይቅጠን።

ኦማ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑኝ፤ የእኔን ሽፔትስለ። ሐሙስ አመጣለሁ አልኳቸው። ሐሙስ አንዷ ሠራተኛ ቀርታ ሁለት ፈረቃ ሠራሁ፤ ዓርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንፋሎቱ እጄን እያቃጠለኝ ሄድኩ። አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተወጥሯል። ነርሷ ክንዴን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሳህኑን ታቅፌ በትራም ተመለስኩ። አንተና እህትህ በላችሁት፤ አንተ "ጨው አንሶታል" አልክ። ይህን ለአባትህ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ደግሞ የሚቀቀልበት ውሃም ጨው ይፈልጋል፣ አትርሳ።

አትክልቱ ቀላል ነው። ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፤ ሁሉንም በቀጭኑ ክተፍ። ካሮቱ በቅቤ ይቅደም፣ ጎመኑ ሳይልፈሰፈስ ሽፔትስለውን ጨምረህ ጠርዙ ቡናማ እስኪል አገላብጠው። ሚጥሚጣ ነስንስበት፤ ኦማም አንድ ቀን ቀምሰው እያስነጠሱ ደገሙ።

"ከሱቅ የሚገዛው ያው ነው" እንዳትለኝ። ሽቫቦቹ፣ የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ በፈረንጅ 2012 የአውሮፓ ኅብረት ዘንድ ስሙን አስመዝግበው፣ ከነሱ አካባቢ ውጪ የተሠራ "የሽቫቤን ሽፔትስለ" ተብሎ እንዳይሸጥ አስከልክለዋል። ኩራታቸው ደስ ይለኛል። ፓኬቱ ግን ፓኬት ነው።

የኦማን መክተፊያ በፖስታ ልኬልሃለሁ። ቤታቸውን ሲያስረክቡ ልጃቸው ነው የሰጠኝ። አንዱ ጫፉ በቢላ ብዛት ተበልቶ ሳስቷል፤ በዚያ በኩል ነው የምትሠራው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው፣ ይሰነጠቃል! ረቡዕ ይደርስሃል፣ ቤት ጠብቀው፤ ለጎረቤት ሰጥተው እንዳይሄዱ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሐሙስ ምሳ ሥራው። ብዙ አታድርግ፤ የተረፈው ዓርብን ያስገድፍሃል።

ከሐኪም ቤት እንደወጣህ ደውል። መልእክት አይደለም፣ ድምፅህን ነው የምፈልገው።

ሊጡን እንዳታቀጥነው።

እናትህ