«ካልሆነስ?» ብሎ መጠየቅ ሟርት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈትነው ውጤት በሚጠብቁበት በዚህ ክረምት የምጽፍላችሁ፣ በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ በቤቴ በር ላይ የሚሰለፈው ጭንቀት ግማሹ ከአሁኑ ሊቃለል ይችላል ብዬ ስለማምን ነው።

ውጤት በወጣ ሰሞን የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ያሰቡት አንድ መንገድ ብቻ ነው። የሚፈልጉትን ዩኒቨርሲቲና የሚፈልጉትን ትምህርት ያውቃሉ፤ እሱ ባይሳካ ምን እንደሚያደርጉ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ወላጆችም ብትሆኑ «ካልሆነስ?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ሟርት ታዩታላችሁ። አንዲት እናት ልጇን ይህንኑ ብጠይቀው «በአፍሽ መልካም ነገር ተናገሪበት» ብላ አስቆመችኝ። ፍቅሯ ገብቶኛል። ልጁ ግን ጥያቄውን መመለስ ፈልጎ ነበር።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ነግሮናል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆነው ከግማሽ በታች ነው ያገኘው። እነዚህ ሁሉ የሰው ልጆች ናቸው፤ መስከረም ሲጠባ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ሊገኙ አይገባም።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ነጥቧ ግማሽ አልሞላም። «እህቴ፣ ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከሕክምና ሌላ አታውቅም» አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። አባትየው ስልክ ተደውሎለት ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ እኔ ላቦራቶሪም ብማር ደስ ይለኛል፤ እሱ እንዳያዝንብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። አባትየው ሲመለስ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ተስማማ። የጤና ኮሌጅ ማመልከቻ ልንሞላ ማስረጃዎቿን ጠረጴዛው ላይ ስንደረድር ግን የአባቷ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ካለው ይልቅ በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ፊደል ይበልጣል። አንድ ፊደል! ያንን ለማስተካከል ወደ ትምህርት ቤቷ ሲመላለሱ ምዝገባው ተዘጋ። ያቺ ልጅ ያጣችው ነጥብ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ውጤት ለምትጠብቁ ተማሪዎችና ወላጆች የምለው ይህን ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የፋይዳ መታወቂያ አንድ ላይ አስቀምጡና ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በአማርኛም በላቲንም። ልዩነት ካለ የሬከርድ ሠራተኞች እንደ አሁኑ ፋታ በሚያገኙበት ጊዜ አስተካክሉ። ከዚያ ስካን አስደርጋችሁ በፍላሽም በኢሜይልም አስቀምጡ። ይህ ሥራ ውጤት እስኪወጣ አይጠብቅም፤ በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው።

ወደ መንገዶቹ ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ ግማሽ ያመጣ ልጅ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አላለቀለትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ለእነዚህ በየራሳቸው የምዝገባ ጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል። ወደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡትን ተማሪዎች ሚኒስቴሩ በምርጫቸው ቅደም ተከተል ይመድባል። ተመድቦ የገባውም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሮ ነው የትምህርት ክፍል የሚመርጠው፤ የሚያገኘውም እንደ ነጥቡና እንደ ቦታው ብዛት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ ብሎ ሻንጣውን የሸከፈ ልጅ በኋላ ሌላ ክፍል ሊደርሰው ይችላል። እንግዲህ ሁለተኛ ምርጫ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነጥብ ላመጣው ብቻ ነው ማን አለ?

ግማሽ ያልሞላላቸው፣ ነገር ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያስታውቀውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ወደ ሪሚዲያል፣ ማለትም ወደ ማካካሻ ትምህርት ይገባሉ። ጥሩ ዕድል ነው። ሆኖም መጨረሻው ላይ ሌላ ፈተና እንዳለው ዘንግቶ «ገባሁ» ብሎ ሁሉን ነገር እርግፍ አድርጎ መተው አደጋ አለው።

ቴክኒክና ሙያ ላይ ስደርስ ትንሽ ልቆጣ። «የወደቀ የሚሄድበት» የሚባለው ንግግር ያንገበግበኛል። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረ ዕድ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህች አገር ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው። ማሽኔ ሲበላሽ መጥቶ የሚጠግንልኝ ወጣት በኤሌክትሪክ ሙያ በደረጃ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ ዛሬ ሁለት ሰው ቀጥሮ ያሠራል። ሥራ ሲበዛበት እኔ ነኝ ወረፋ የምጠብቀው። ከደረጃ ሥልጠና ወደ ዲግሪ የሚያሳድገው መስፈርት የሚለዋወጥ ስለሆነ ግን ከመመዝገብ በፊት ኮሌጁን በቀጥታ መጠየቅ ይገባል።

የግል ኮሌጅ የምታስቡም ማስታወቂያውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩና ለካምፓሱ ጭምር ነው። ኮሌጁ በአካውንቲንግ ስለተፈቀደለት በፋርማሲም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ አንዱ ካምፓሱ ስለተፈቀደለትም ሌላው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ባለፉት ዓመታት ካስፈተኗቸው ስንቱ አለፈ ብላችሁ ጠይቁ። የሚያኮራ ነገር ያለው ኮሌጅ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ስትመርጡም ሁለተኛው መንገድ ወደ መጀመሪያው ሐሳብ የሚያደላ ይሁን። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ቀጥታ ታክሲ ያጣ ሰው ፒያሳ ወርዶ ይቀይራል እንጂ የቃሊቲ ታክሲ አይሳፈርም። ሕክምና የተመኘች ልጅ ነርስነት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ አለላት፤ የጎረቤት ልጅ ስለተመዘገበ ብቻ ማርኬቲንግ ውስጥ የምትገባበት ምክንያት አይታየኝም። ግንባታ የወደደ ልጅ ቅየሳ ወይም ንድፍ ሊማር ይችላል። ልጁ የወደደው ምኑን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ አባት ስልክ ሊያነጋግር እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም።

ትምህርት ቤቶቻችንም ድርሻ አላቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የክፍል ኃላፊ መምህራን ከፈተናው በፊት ወላጆችን ጠርተው ስለ እነዚህ መንገዶች ቢያወያዩ ብዙ ቤት ሰላም ያገኛል። ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ለእናንተም ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዩኒቨርሲቲዎቹን የመግቢያ ፈተና ምዝገባ፣ የሪሚዲያሉን ሁኔታ፣ የከተማችንን የመንግሥት ፖሊቴክኒክና ጤና ኮሌጆች የምዝገባ ቀን ከየተቋሙ ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ብታወጡልን? ዛሬ ይህ መረጃ በየማስታወቂያ ሰሌዳውና በየቴሌግራም ገጹ ተበታትኖ ነው ያለው፤ ዘመድና ኢንተርኔት የሌለው ልጅ አያገኘውም። እናንተ አትሙት እንጂ ያንን ገጽ ለሚጠይቀኝ ተማሪ ሁሉ ያለ ክፍያ አባዝቼ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ