ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይሄን የምጽፍልሽ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ስለ ወይን ሲያወሩ ዝም ብለሽ እንደምትቀመጪ ነገርሽኝ። "አባዬ፣ ለኔ ቀይ ሁሉ ያው ቀይ ነው" አልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ተናደድኩ። የቡና ቀማሽ ልጅ ሆነሽ፣ ያውም ፈረንሳይ ሊዮን ተቀምጠሽ፣ ወደ ሰሜን ብትሄጂ ወይን ወደ ደቡብ ብትሄጂ ወይን በሆነበት ከተማ፣ "አይገባኝም" ማለት አያምርብሽም።

መጀመሪያ ይሄን ያዢ። አንድ ብርጭቆ ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። እኛ ቡና ስንቀምስ አንድ ሲኒ ብቻ አስቀምጠን አንፈርድም። ይርጋጨፌው ከሐረሩ ጎን ሲቀመጥ ነው ጠባዩ የሚወጣው። ወይንም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ከተለያየ የወይን ፍሬ ዝርያ የተሠራ፣ ዋጋው የተቀራረበ ሁለት ጠርሙስ ግዢና ጎን ለጎን ቅጂ። የቱ ይበልጣል ብለሽ አትጀምሪ። ምናቸው ይለያያል በይ።

አንቺን ያደናገረሽ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ፈረንሳዮች ጠርሙሱ ላይ የወይኑን ዝርያ ብዙ ጊዜ አይጽፉም፤ የሚጽፉት አገሩን ነው። እኛስ ሲዳማ፣ ጅማ፣ ሐረር እንል የለ? ስለዚህ ከአገሩ ስም ጀርባ ያለውን ዝርያ ማወቅ አለብሽ። ቦጆሌ ካለ ቀዩ ጋሜ ነው። የቡርጎኝ ቀይ በአብዛኛው ፒኖ ኗር ነው፣ ነጩ ደግሞ ሻርዶኔ፤ ሻብሊም ሻርዶኔ ነው። ነጭ ሳንሴር ሶቪኞን ብላን ነው። ከሊዮን በታች ሮን ወንዝን ተከትለሽ ስትወርጂ ኮት ሮቲ፣ ኤርሚታዥ፣ ክሮዝ ኤርሚታዥ የሚባሉት ቀዮች የሲራ አገር ናቸው። ይቺን ያህል ካወቅሽ ሱቅ ገብተሽ አትደናገሪም።

ላንቺ የመጀመሪያው ጥንድ ጋሜና ሲራ ይሁን። ሁለቱም የደጅሽ ናቸው፣ ልዩነታቸውም ማንም ሰው የሚይዘው ነው። ጋሜ ቀለሙ ሳሳ ይላል፣ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል፣ አፍ ላይ ቀላል ነው። በነገራችን ላይ ይሄ ጋሜ ብዙ ተሰድቧል። እ.ኤ.አ. በ1395 የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ፣ ደፋሩ የሚሉት፣ መጥፎ ተክል ነው ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዞ ነበር። ወደ ደቡብ፣ የቦጆሌ የግራናይት ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ ግን ተመቸው። በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ የኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ፣ ከተማው ሁሉ የሚጯጯኽለት የቦጆሌ ኑቮ አለ አይደል? በዚያ ጋሜን አትፍረጂበት። እሱ ዘለላው ሳይፈጭ ታንክ ውስጥ ታፍኖ በችኮላ የሚሠራ ነው፤ አንዳንዱ ሙዝ ሙዝ የሚሸተውም ከአሠራሩ የተነሳ ነው። አንቺ ፍለሪ ወይም ሞርጎን የሚል የቦጆሌ መንደር ስም ያለበትን ፈልጊ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል ግን ከዚያ በኋላ ጋሜን አትንቂም።

ሲራው ሌላ ፍጥረት ነው። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጥቁር ፍሬ ጥቁር ፍሬ ይላል፣ ከዚያ ኋላ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይመጣል። ቀልድ አይደለም፣ የምር ቁንዶ በርበሬ። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ምክንያቱን አግኝተውታል፤ ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ሲራ ውስጥም ያለው እሱው ራሱ ነው። የሚገርመው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ጨርሶ አይሸተውም። አንቺም ካልሸተተሽ አፍንጫሽ ነው፣ ጥፋትሽ አይደለም። ሲራ ከፋርስ፣ ከሺራዝ ከተማ መጣ የሚልሽ ሰው ይኖራል። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በዘረመል ሲመረመር አባትና እናቱ ዱሬዛና ሞንደዝ ብላንሽ የሚባሉ የዚያው የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ሆነው ተገኙ። የሰፈር ልጅ ነው ማለት ነው።

አቀማመሱ እኛ ቤት ካየሽው ብዙም አይርቅም። ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ብቻ ቅጂ። ሳትነቀንቂ አሽትቺ፣ ከዚያ አዙሪና ድገሚ። ትንሽ ተጎንጪና አፍሽ ውስጥ አገላብጪው፣ ትንሽ አየርም ሳቢበት። እኛ በማንኪያ እንደምናደርገው ጮክ ብሎ ማግ ማድረግ ግን ሰው ፊት ይቅርብሽ። መትፋት እዚያ ነውር አይደለም፤ ወይን ሠሪዎቹ ጋ ብትሄጂ ማስተፊያ ዕቃ አለ። የማይተፋ ሰው አምስተኛው ብርጭቆ ላይ ሁሉንም ማድነቅ ይጀምራል።

የምትፈልጊው እኛ ሁልጊዜ የምንላቸውን ነው፦ አሲዲቲ፣ ቦዲ (አፍ ላይ ያለው ክብደት)፣ አፍተርቴስት (ከዋጥሽው በኋላ የሚቀረው ጣዕም)። አሲዲቲው ምራቅሽን ሲያመጣው ታውቂዋለሽ። ወይን ስትቀምሺ ከነዚህ በተጨማሪ የምትፈልጊው ታኒን ነው፣ ያ ቅጠሉ ውስጡ ብዙ እንደቆየ ሻይ ድድሽን የሚያደርቀው። ከቆዳውና ከፍሬው ዘር ነው የሚመጣው። የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ራሱ ቀለም የለውም፣ ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ነው የሚቀላውም የሚከብደውም። ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ቆዳው ይጣላል። ለዚህ ነው ነጭ ወይን ድድ የማይዘው።

ስለ ሽታ ስታወሪ የሌላ ሰው ቃል አትበደሪ። ጓደኞችሽ ያንን ትንሽ ጥቁር የፈረንጅ ፍሬ "ካሲስ" ሲሉ አንቺ ካሲስ በልተሽ ካላደግሽ ምን አገባሽ። ያንቺ አፍንጫ የሚያውቀው ቃሪያ፣ ቅርንፉድ፣ ኮክ፣ ቀረፋ ነው፤ እነሱ በቂ ናቸው። ካበርኔ ሶቪኞን ቅመሺና ቃሪያ ካልሸተተሽ ንገሪኝ፤ ወይኑ በደንብ ሳይበስል ሲለቀም ይብስበታል። ኮንድሪዩ አካባቢ ያለውን ቪዮኜ የሚባል ነጭ ካገኘሽ ደግሞ የበሰለ ኮክ አለልሽ። ቅርንፉድና ቫኒላ ከሸተተሽ ግን ተጠንቀቂ። እሱ የዝርያው ጠባይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የኦክ በርሜሉ ነው።

ደግሞ ዓይንሽን አትመኚው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የቦርዶ ጥናት አለ። 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ቀረበላቸው፣ እነሱም ሽታውን የቀይ ወይን ቃል እየመዘዙ ገለጹት። ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ልጆች ናቸው እንግዲህ! ቡና ቀማሾችም የቁላቱ ቀለም እንዳያታልላቸው አንዳንዴ በቀይ መብራት ይቀምሳሉ። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልያቸው፣ ሌላ ሰው ይቅዳልሽ።

ከምግብ ጋር ስታቀርቢ አንድ ነገር ልምከርሽ። ዶሮ ወጥ ሠርተሽ ፈረንጆቹን ስትጋብዢ ያንን ከባድ ሲራ እንዳታወጪ። በርበሬና አልኮል ሲገናኙ ማቃጠሉ ይጨምራል፣ ታኒኑም ይመርራል። ጋሜውን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ በረድ ሲል አቅርቢው። ወይም ትንሽ ጣፋጭነት ያለው የአልዛስ ሪዝሊንግ። ሲራውን ለጥብስ አቆዪው፣ ቅመም ያልበዛበት የበግ ጥብስ ከሆነማ አትጠይቂኝ።

የኛም አገር ሲራ አለ፣ ታውቂያለሽ አይደል? የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ ላይ ሲራ፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን አወጣ። ሪፍት ቫሊ የሚለው ላይ የዝርያው ስም ተጽፏል፣ ለመማር ይመቻል። ድሮ እኛ የምናውቀው ጉደርና አክሱማይት ነበር። ጉደሩ ድራይ ነው፣ አክሱማይቱ ጣፋጭ ነው፣ በቃ፤ ከምን ዝርያ እንደተሠራ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። አሁንም ቢሆን ሠርግ ላይ ሰው ቀዩን በኮካ ሲበርዘው ታያለሽ። እኔ አልፈርድም፣ ደስ ያለውን ይጠጣ። ግን ኮካ ገብቶበት ዝርያ የሚለይ ምላስ የለም።

የዝዋዩን ሲራ እንደ እኔ አፍ ፍሬው የበሰለ፣ ፀሐይ የበዛበት፣ ቁንዶ በርበሬው ደከም ያለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሄ አይገርምም፤ ሮተንዶን ቀዝቀዝ ባለ አገር ነው የሚበረታው። የሮኑ ሲራ ጋ ጎን ለጎን ሳላስቀምጠው ግን ይሄን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልወድም። ታን ኤርሚታዥ የምትባለው ከተማ ካንቺ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት። አንድ ቅዳሜ ሂጂና የኤርሚታዥን ኮረብታ እዪው፣ ቅመሺም። ኤርሚታዡ ራሱ ኪስ ይጎዳል፣ ክሮዝ ኤርሚታዥ ይበቃናል።

ለፋሲካ ስትመጪ አንድ ጠርሙስ ሻንጣሽ ውስጥ በልብስ ጠቅልለሽ አምጪ። የዝዋዩን እኔ እገዛለሁ። ለእናትሽ ሙስካ ደ ቦም ደ ቨኒዝ የሚባል ጣፋጭ አለ፣ ከሙስካ ወይን የሚሠራ፣ አክሱማይት ለሚወድ ሰው የሚሆን። አንድ ነገር ግን፣ አንዳንድ ቀይ ወይን በእንቁላል ነጭ እንደሚጣራ እንዳትነግሪያት፤ ጾም ላይ የጠጣችውን ሁሉ መቁጠር ትጀምራለች።

አባትሽ