ኮሜንትሽን አይቼዋለሁ

እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ብደውልልሽ ወይ ትቆጪኛለሽ ወይ ታለቅሻለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

ማክሰኞ ማታ ዜናዬ ሥር የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። «ልጄን አትስደቡብኝ። እናቷ ነኝ።» ከነስምሽ፣ ከነፎቶሽ። ከሥሩ 14 ሰው ተንጫጫብሽ። አንዱ «ደግሞ እናቷን ይዛ መጣች!» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ እኔም ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ያሉትን ሳነብ ግን ጠፋ። ስልኩን የገዛሁልሽ የወንድሜን ልጆች እንድታዪበት ነበር እንጂ ለዚህ አልነበረም።

«ምን ብትጽፊ ነው እንዲህ የሚሉሽ?» ብለሽኝ ነበር። የጻፍኩት ስለ ሆስፒታል በጀት ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ወንድ ባልደረባዬም ስለዚሁ በጀት ጽፎ አንድ ቁጥር ተሳሳተ። «ልክ አይደለም፣ አስተካክል» አሉት። አስተካከለ፣ አለቀ። የእኔ ቁጥር ልክ ነበር። የተጻፈልኝ ግን ስለ ፀጉሬ፣ ባል ስለማጣቴ፣ ሥራውን ከማን ጋር ወጥቼ እንዳገኘሁት ነው። ስለ በጀቱ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም በደስታ ነው የመለስኩለት።

የእኔ ብቻ እንዳይመስልሽ። የብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ በ2016 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ድረ ገጹ ላይ የተሰጡ 70 ሚሊዮን አስተያየቶችን መርምሮ ነበር። በብዛት ከሚሰደቡት 10 ጸሐፊዎቹ 8ቱ ሴቶች ሆኑ። ሁለቱ ወንዶች ደግሞ ጥቁሮች ናቸው። በጣም ትንሽ ስድብ የደረሰባቸው 10ሩስ? ሁሉም ወንዶች። ዩኔስኮ በ2020 ባስጠናው ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት ሴት ጋዜጠኞች 73 ከመቶው በኢንተርኔት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል።

ድሮ እኮ መግባቱም አልተፈቀደልንም ነበር። የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የፕሬስ ክለብ እስከ 1971 ሴት አባል አይቀበልም ነበር። ባለሥልጣናት እዚያ ምሳ ላይ ንግግር ያደርጋሉ፤ ዜናው ያለው እዚያ ነው። በ1955 ለሴት ዘጋቢዎች ሰገነቱ ተፈቀደላቸው። ወንዶቹ ታች እየበሉ ይጠይቃሉ፣ ሴቶቹ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። መጠየቅ የለም። ዛሬ እኔ እገባለሁ፣ እጠይቃለሁ። ዕዳው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ማታ፣ ስልኬ ላይ።

ስድቡን ግን ለምጄዋለሁ፣ ወይም የለመድኩ መስሎኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ዜና አንዲት የፋይናንስ ባለሙያ አነጋግሬ ነበር። በጀቱን የሠራችው እሷ ናት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብላ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንደመጣ አስረዳችኝ። «ስምሽን ልጻፈው?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ኮሜንቱን አያለሁ እኮ» አለች። «አለቃዬን ጥቀሺው፤ እሱን ምንም አይሉትም።» አለቃዋ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ። ሁለቱ የእሷ ነበሩ። ዜናው ላይ የወጣው ግን የእሱ ስም ነው።

ያን ጊዜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ልጅ ሆኜ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አንቺ ወደምትሠሪበት የማዋለጃ ክፍል መጥቶ አልነበር? «እኔን ተዉኝ፣ ዶክተሩን ጠይቁት» አልሽው። ዶክተሩ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ማታ በሬዲዮ ስንሰማው ያንቺን ቃል በራሱ ድምፅ ይናገራል። «እኔ ነኝ የነገርኩት» ብለሽ ሳቅሽ። ኮሜንት የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም በስልኩ ላላክክ አልችልም።

ከ1995 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ፣ በብዙ አገሮች፣ የአንድ ቀን ዜና የሚቆጥር ጥናት አለ። መጀመሪያ ሲቆጠር በዜና ውስጥ ከሚታዩና ከሚጠቀሱ ሰዎች ሴቶቹ 17 ከመቶ ነበሩ። በ2020 ደግሞ 25። ይህን አንብቤ ተናደድኩና የራሴን የአንድ ወር ሥራ ቆጠርኩ። 31 ሰው ጠቅሻለሁ። ሴቶቹ 6 ናቸው። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ! ሰዓት ሲያጥረኝ ቶሎ ለሚያነሳልኝ፣ ሳይግደረደር ለሚናገር ነው የምደውለው። ያ ሰው ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የቢቢሲው አቅራቢ ሮስ አትኪንስ በ2017 እንዲሁ መቁጠር ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሴቶቹን ድርሻ ከ39 ከመቶ በአራት ወር ወደ ግማሽ አድርሶታል። እኔም አሁን ማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ላይ እየቆጠርኩ ነው። ገና ግማሽ አልደረስኩም።

እሁድ እመጣለሁ። ፎቶሽን የማታውቂው ሰው እንዳያየው ስልኩን አብረን እናስተካክለዋለን። እስከዚያ አትመልሺላቸው። የሚያስፈራራ ካለ ስክሪንሾት አንሺና ላኪልኝ። ያንን ኮሜንት ግን አጥፊው አልልሽም፤ እንደፈቀድሽ። አንዲት የማላውቃት ሴት ልብ ሰጥታበታለች።

ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። ስለ ሌሊት ተረኛ ነርሶች ልጽፍ ነው። እናቴን መጥቀስ ሙያው አይፈቅድልኝም። ጡረታ የወጡት ጓደኞችሽ ግን አሉ አይደል? ቁጥራቸውን ፈልጊልኝ። «ዶክተሩን ጠይቂ» የሚሉኝ ከሆነ፣ ስልኩን ለአንቺ ነው የማቀብልሽ። አንቺው አግባቢልኝ።

ልጅሽ