የኪራይ ጣሪያው አረጋውያኑን አላስጠለለም

ለዋሽንግተን ስቴት አገረ ገዥ፣ ለክቡር ቦብ ፈርጉሰን
ኦሎምፒያ

ክቡር ሆይ፣

በሜይ 2025 የፈረሙት የኪራይ ጭማሪ ሕግ፣ ኤችቢ 1217፣ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ሆኗል። የዓመቱ ጭማሪ 7 በመቶ ላይ የዋጋ ንረቱ ተደምሮ ከሚመጣው ወይም ከ10 በመቶ፣ ዝቅ ካለው፣ እንዳያልፍ ወስኗል፤ ማስታወቂያውንም ከ60 ወደ 90 ቀን አራዝሟል። ይሁንና እኛ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ከምንገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከዚህ ጣሪያ ውጭ ናቸው።

ሕጉ በታክስ ክሬዲት (ለአልሚዎች በሚሰጥ የግብር ቅናሽ) የተሠሩትን፣ እኛ ሎው ኢንካም የምንላቸውን ሕንፃዎች ኪራያቸው በሌላ ሕግ ተገድቧል ብሎ ዘሏቸዋል። ተገድቧል፤ ግን በተከራዩ ገቢ ልክ አይደለም። በ60 በመቶ ደረጃ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት 1.5 ሰው ይኖርበታል ተብሎ ይታሰባል (ግማሹን ሰው እስካሁን አላገኘነውም)። ለዚያ ቁጥር ከወጣው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 በመቶው ይያዛል፤ የዚያ 30 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል የኪራዩ ወሰን ይወጣል፤ መብራትና ውኃ ተከራዩ ከከፈለ ይቀነሳል። በኪንግ ካውንቲ ያንን መካከለኛ ገቢ ወደ ላይ የሚጎትተው የሶፍትዌር ባለሙያው ደመወዝ ነው። እሱ ሲጨመርለት የጡረተኞቹም ኪራይ ከፍ ሊል ይችላል።

በኤስኤስአይ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚከፍለው ወርኃዊ ድጎማ፣ የሚኖሩ ባልና ሚስትን እንውሰድ። በ2025 ወርኃዊው 1,450 ዶላር ነበር፤ በ2026 ደግሞ 1,491፤ ጭማሪው 41 ዶላር ነው። 1,100 ዶላር የሚከፍሉበት ቤት 7 በመቶ ብቻ ቢጨምር 77 ዶላር ይሆናል። ሴክሽን 8 (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ያለው ሰው ልዩነቱን በአብዛኛው ቫውቸሩ ይሸከምለታል፤ የሌለው ከምግቡ ይቀንሳል፣ ወይም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል።

ያኔ አስቀድሞ የሚፈርሰው እንክብካቤው ነው። ከሲያትል ወደ ታኮማ የሄደ ሰው ካውንቲ ስለሚቀይር ፋይሉ ወደ ሌላ ቢሮ ይዛወራል፣ እንክብካቤውን የሚያስተባብረው ኬዝ ማናጀርም ይቀየራል። መኪና የሌላት አማርኛ ተናጋሪ ኬርጊቨር ተከትላ አትሄድም። የዳያሊሲስ ቀጠሮና መጓጓዣም እንደ አዲስ መያዝ አለበት። በዚህ መሃል ሰውየው ወድቆ ሆስፒታል ከገባ መውጫው ብዙ ጊዜ አደልት ፋሚሊ ሆም (ጥቂት ሰዎች አብረው እየኖሩ የሚታገዙበት የእንክብካቤ ቤት) ነው፤ የዚያን የቀን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ በሜዲኬድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ በኩል ራሱ ስቴቱ ነው።

የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን የሆነው ደብሊውኤ ኬርስ ይህን አይደፍነውም። 36,500 ዶላሩ ለእንክብካቤ እንጂ ለኪራይ አልታሰበም፤ የሚገባውም ከደመወዙ 0.58 በመቶ እያዋጣ በዓመት ቢያንስ 500 ሰዓት ለሠራ ነው። በ70 ዓመታቸው ልጆቻቸው ጋ የመጡ ወላጆች ይህን ከየት ያመጣሉ?

የሕንፃ ባለቤቶቹ ኢንሹራንስና ጥገና ናረብን ይላሉ፤ አልዋሹም። ስለዚህ ጭማሪ ይቅር አንልም። ለአዳዲስ ፕሮጀክቶች ታክስ ክሬዲት ሲሰጥ፣ 62 ዓመት የሞላው ወይም በሜዲኬድ የቤት እንክብካቤ የሚያገኝ ተከራይ የዓመት ጭማሪው ከኤስኤስአይ የመቶኛ ጭማሪ እንዳይበልጥ ውሉ ላይ ይግባ። ለነባሮቹ ሕንፃዎች ልዩነቱን ስቴቱ ይሸፍን፤ በአደልት ፋሚሊ ሆም ከሚከፍለው ጋር አስተያይቶ ሒሳቡን ይሥራው።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የ90 ቀኑ ማስታወቂያ ተከራዩ ከፈቀደ ቅጂው ለኬዝ ማናጀሩ ይድረስ፤ ለተከራዩም በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍለት። አሁን ወረቀቱ በእንግሊዝኛ መጥቶ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ እኛ የምናየው ብዙ ጊዜ ከ90ው ቀን 60ው ካለፈ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በኪንግና በፒርስ ካውንቲ የምንሠራ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች