ቅሬታ፦ «13 ሰዓት» ተብሎ ስለተሸጠልን የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ለእናቴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዱለስ ቲኬት የቆረጥኩት ከእናንተ ነው። ከመክፈሌ በፊት የላካችሁልኝ ወረቀት እጄ ላይ አለ። «ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር፣ በረራ 13 ሰዓት፣ ማረፊያ የለውም» ይላል። ርቀቱ ላይ ጠብ የለኝም። ሰዓቱ ግን የመልሱ ጉዞ ሰዓት ነው።

ከዱለስ ቦሌ ሲኬድ አውሮፕላኑ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ከቦሌ ሲነሳ ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሙሉ ሰውና ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ለዓመታት ደብሊን ላይ ሲታረፍ የነበረውም ለዚሁ ነው። ተመላላሽ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ቲኬት ሸጦ የሚያድር ድርጅት እንዴት አያውቅም? ኪሎ ሜትሩን ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፍላችሁ፣ የወጣውን ቁጥር በሁለቱም አቅጣጫ የለጠፋችሁት ነው የሚመስለው።

እናቴ ስኳር አለባት። መድኃኒቷንና ምግቧን ያዘጋጀነው በ13 ሰዓት ሂሳብ ነው። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ሲያርፍ ደረስን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አስወርዳ ቆመች። አስተናጋጇ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ገና ነን» ስትላት ግራ ገባት። ነዳጅ ተቀድቶ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። ዱለስ ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት ነበር።

እኛስ? ወረቀታችሁ መነሻውን እንጂ መድረሻውን አይናገርም። 13 ሰዓት ደምረን፣ የ7 ሰዓቱን ልዩነት ቀንሰን፣ ገና ሳይነጋ ዱለስ ተገኘን። ስልኳ ዝግ ነው። ምን ሆና ይሆን እያልን ስንንቆራጠጥ ነጋ።

ስደውልላችሁ ሠራተኛችሁ «አውሮፕላን አልቀየሩም አይደል? ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለኝና ስልኩን ዘጋው። ይሄ ከሰዓቱም በላይ አናዶኛል።

የቲኬቱን ዋጋ መልሱ አላልኩም፤ አየር መንገዱ ሥራውን ሠርቷል። «የአገልግሎት» ብላችሁ ያስከፈላችሁኝን ግን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ያ አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ መስጠትን ካልጨመረ ለምኑ ነው የከፈልኩት? ገጻችሁ ላይም የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት ለየብቻው ይጻፍ። ማረፊያ ካለ የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከአውሮፕላን ይወረድ አይወረድ ይነገር። አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ለሚልክ ሰው ይሄ ከቅናሹም በላይ ይጠቅመዋል።

እናቴ በሚመጣው ወር ትመለሳለች፤ በዚያኛው አቅጣጫ እንኳ 13 ሰዓታችሁ ይሠራል። መልሳችሁን ከዚያ በፊት በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዧ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ