ስንት ኪሎ ሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን ሆነም ይጠየቅ

ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። እኛ ጋ ልጅ ሲወለድ ወንድ ነው ሴት ከተባለ በኋላ ስንት ኪሎ ሆነ ነው የሚጠየቀው፣ ከአራት በላይ ከተባለማ ማሻአላህ ነው በቃ። ደስታው ይገባኛል፣ ግን 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ሆኖ የተወለደ ልጅ ለምን ገዘፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስለ ክብደት ሲወራ የምንሰማው ከ2.5 ኪሎ በታች ስለሚወለዱት ብቻ ነው።

የባለቤቴ እህት ኮምቦልቻ 4 ኪሎ ከ600 ወለደች። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ያዘ፣ አዋላጆቹ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፈው አንዷ ደግሞ ከእምብርቷ በታች እየተጫነች በስንት መከራ ወጣ፣ አላህ ይስጣቸው። ቀኝ እጁ ግን ለሳምንታት አልነሳ ብሎት ነበር፣ ልብስ ስናለብሰው ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፣ አሁን አልሀምዱሊላህ ያንቀሳቅሰዋል። በኋላ ሲጠየቅ የፊተኛው ልጇም ከ4 ኪሎ በላይ ነበር፣ እናቷ ስኳር አለባቸው፣ እሷም ከማርገዟ በፊት ወፍራም ነበረች፣ በክትትሉ ጊዜ ግን ሽንቷን እንጂ የደም ስኳሯን ያየላት የለም፣ ሽንት ላይ አልታየም ማለት ደግሞ ደም ውስጥ የለም ማለት አይደለም እኮ።

የእናትየው ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም፣ ስለዚህ ፅንሱ የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ያመርታል፣ ትርፉ ስኳር ስብ ሆኖ ትከሻውና ሆዱ ላይ ይከማቻል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጣል ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ፣ ለዚህ ነው ያ ፋፍቶ የተወለደ ልጅ ስኳሩ ወርዶ የሚንቀጠቀጠው። ቅቤ ማላሱ ይቅርና በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፣ ተረከዙን ወግተው ስኳሩን ሲለኩትም ልጁን አሳመማችሁ ብላችሁ አትቆጡ።

ስኳር ብቻም አይደለም፣ ቀኗ ያለፈ፣ በእርግዝናዋ ከልክ በላይ ኪሎ የጨመረች፣ ብዙ የወለደች ሴትም ትልቅ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፣ ወላጆቹ ረጃጅምና ግዙፍ ስለሆኑ ብቻ ትልቅ ሆኖ በጤና የሚወለድም አለ።

እኔ የምፈራው ይሄን ያነበበ ሰው እርጉዟን እንዳያስርባት ነው። ድሮም ወተትና ሙዝ ልጁ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብድሻል እየተባለ ስንቷ ናት የምትከለከለው፣ ኧረ ተዉ! ለስላሳውንና ስኳር የበዛበትን ሻይ ቀንሱላት እንጂ ሽሮዋን ጎመኗን እንቁላሏን ወተቷን ትብላ፣ በእግሯም ትንቀሳቀስ።

የደሴና የኮምቦልቻ ጤና ጣቢያዎችን የምለምነው እርጉዝ ሴት ከ24 እስከ 28 ሳምንቷ ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ደሟ እንዲታይላት ነው፣ ለሁሉም አይዳረስም ከተባለ ቢያንስ ከዚህ በፊት ትልቅ ልጅ ለወለደች፣ ቤተሰቧ ውስጥ ስኳር ላለባትና ወፍራም ለሆነች፣ እነሱ እንደውም ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው መታየት ያለባቸው። የፊተኛው ልጅ ስንት ኪሎ እንደነበር ጠይቃችሁ ካርዷ ላይ ጻፉት። በእርግዝና ስኳር የተገኘባት ደግሞ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሳ መለካት አለባት፣ ልጁን ለክትባት ይዛ መምጣቷ ስለማይቀር የዛኑ ቀን አብሮ ይታይላት።