ስለ ጥቁሩ አውራ ዶሮ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

ሰሞኑን ሁለት ጠርሙስ የጣሊያን ወይን አንስታችሁ «ሁለቱም ኪያንቲ ነው፤ ይሄኛው ለምን ተወደደ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አንድ ደንበኛችንማ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለውን ጥቁር አውራ ዶሮ አይቶ «ለዶሮ ወጥ ነው እንዴ?» ብሎ አስቆናል። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከምንደጋግመው ብንጽፈው ይሻላል አልን።

ነገሩ ያለው በተወደደው ጠርሙስ ላይ የተጻፈችው «ክላሲኮ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ኪያንቲ ድሮ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ያለው የቶስካና ኮረብታማ ምድር ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1716 የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሳልሳዊ ወሰኑን በአዋጅ አስከበረ። ስሙ ገበያ ሲያገኝ ግን ጎረቤቱም የራሱን ወይን ኪያንቲ ይለው ጀመር። በ1932 መንግሥት ራሱ ክልሉን አሰፋው፤ የጥንቱ ቦታ «ክላሲኮ» ተብሎ ተለየ። ስለዚህ ክላሲኮ ማለት «ምርጥ» ማለት አይደለም። ከየት እንደመጣ ነው የሚነግራችሁ።

ሕጋቸውም ለየቅል ነው። በክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከሚባለው ቀይ ፍሬ መሆን አለበት። የቀረውም ቀይ ነው። ነጭ ፍሬ መቀላቀል ድሮ የተለመደ ነበር፤ ከ2006 ምርት ወዲህ ግን ክልክል ነው። ለተራው ኪያንቲ 70 በመቶ ሳንጆቬዜ ይበቃል፤ ጥቂት ነጭም ይፈቀድለታል። የክላሲኮ ገበሬ ደግሞ ከአንድ ሄክታር ከ75 ኩንታል በላይ ፍሬ ለዚህ ስም ማዋል አይችልም።

«ሪዜርቫ» የሚል ካያችሁ 24 ወር ቆይቷል፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱን ወር በጠርሙስ። «ግራን ሴሌትሲዮኔ» 30 ወር ይቆያል፤ ፍሬውም ከአምራቹ ከራሱ እርሻ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ታስሮ ይቀመጣል፤ ዋጋው የሚወጣው ከዚያ ነው። እኛን ከጠየቃችሁ፣ ለቤት ምሳ ተራው ክላሲኮ ይበቃል።

ዶሮውስ? ፍሎረንስና ሲዬና በወሰን ሲጣሉ፣ ዶሮ ሲጮህ ከየከተማቸው ፈረሰኛ ተነሥቶ የሚገናኙበት ቦታ ወሰን ይሁን ተባባሉ ይባላል። ሲዬናዎች ነጭ ዶሯቸውን አጠገቡት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስራቡት። የራበው ሳይነጋ ጮኸ፤ የጠገበው ተኝቷል። የፍሎረንሱ ፈረሰኛ ሲዬና አፋፍ ደረሰ። ተረት ነው፤ የክላሲኮ አምራቾች ማኅበር ግን በ1924 ሲቋቋም ያንኑ ጥቁር ዶሮ ምልክቱ አደረገው። ስትገዙ እሱን ፈልጉ።

የዶሮ ወጡን ጉዳይ ሞክረነዋል። በርበሬው ወይኑን መራራ ያደርገዋል። ጥብስ ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቃችሁ ባልደረቦች